የዘመኑ ይግባኝ

በ2009 ዓ.ም. ላሊበላ ውስጥ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የነበረችው መቅደላዊት፣ ጓደኞቿ በኢንተርኔት ለሚወዳደሩበት የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ዳኛ ነበረች። ክስ ሲመጣላት የተቀዳውን ውድድር አይታ ጥፋተኛውን ትቀጣለች። በአቅራቢያው ባለችው በኩልመስክ ከተማ የሚኖረው ዘመኑ ለሦስተኛ ጊዜ የሌላ ተወዳዳሪ መኪና ገጭቶ ከመንገድ ሲያስወጣ ግን ደሟ ፈላ። ጭራሽ ከውድድሩ አባረረችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዘመኑ ሆቴሉ ድረስ መጣ።

«እኔ አልነዳሁም! ትናንት ኩልመስክ መብራት አልነበረም። ላሊበላን!»

«በጻድቁ ስም አትማል! በዓይኔ ያየሁትን ልትክደኝ ነው?»

«እስቲ አሳይኛ!»

መቅደላዊት በንዴት ቀረጻውን በሆቴሉ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። የዘመኑ መኪና ከፊቷ ያለችውን ገጭታ ገደል ከተተቻት። ትናንት ስታየው ቀረጻው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን ግን መኪናዋ መንገዱ መሃል ቆመች፤ ከድምፅ ማጉያውም የዘመኑ ድምፅ ወጣ።

«የነዳሁት እኔ ነኝ፣ መቅደላዊት። ቅጣቱንም እቀበላለሁ። ግን አጠገብሽ የቆመው ማን ነው?»

መቅደላዊት ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም።

«ዝም በል ብዬህ አልነበር?» አለ አጠገቧ የቆመው፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ።