የተላጠው ጅማት

ዴልሚራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቫዮሊኗን ስትቃኝ፣ ኒኮላሳ የላይኛውን ጅማት አየችው። ከበግ አንጀት የተፈተለው ቀጭን ጅማት ደጋኑ ከሚያርፍበት ከፍ ብሎ ተልጧል፤ ፀጉር የመሰለች ጭራ ወጥታ ትርገበገባለች። እንዲህ ያለ ጅማት አንድ ዜማ ሊዘልቅ ይችላል፤ ላይዘልቅም ይችላል። መለዋወጫው እዚያው የቫዮሊኑ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ጊዜም አለ።

ኒኮላሳ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ከመጋረጃው ወዲያ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። በቺኪቶስ አውራጃ የበዓሉ ሰሞን ሲደርስ፣ ሚሲዮናውያን ያመጡትን የጥንቱን ሙዚቃ ለመስማት ከብቱንም ማሳውንም ጥሎ የማይመጣ የለም። ፊተኛው አግዳሚ ላይ ከሆላንድ የመጣችው ሃንኬ በባርኔጣዋ እያራገበች ተቀምጣለች። በአገሯ የጥንት ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን አላት። ከሁለቱ ልጆች አንዷን ወስዳ፣ አስተምራ፣ ከቡድኗ ልታስገባ ነው የመጣችው። አንዷን ብቻ።

አንዷ ማን እንደሆነች ለከተማው ሰው እንቆቅልሽ አልነበረም። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ወረቀት ላይ ኖታ እያነበቡ ነው ያደጉት። ኒኮላሳ ጣቷ እስኪያብጥ ለፍታ የምታመጣውን ዴልሚራ እየሳቀች ታመጣዋለች። ኒኮላሳ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጓደኛዋን የምትወዳትም፣ አንዳንድ ቀን ፊቷን ማየት የሚያቅታትም በዚሁ ነው።

«ኧረ ተነሱ እናንተ! ሰዉ በሙቀት ሳይቀልጥ!» አሉ ዶን ካሊስቶ። አስተማሪያቸው ናቸው፤ ዛሬም ኦርጋኑን የሚመቱት እሳቸው ናቸው። «ዴልሚራ፣ አትሩጪ። ኒኮላሳ፣ አትጎተቺ። ጅማት ቢበጠስ...»

«ሁለተኛዋ ቫዮሊኗን ለአንደኛዋ ታቀብላለች፣ ሙዚቃው አይቆምም!» አለች ዴልሚራ ድምፃቸውን እያስመሰለች። «ዶን ካሊስቶ፣ በእንቅልፋችንም እንለዋለን እኮ።»

«ቀልጂ አንቺ!» አሉና እየሳቁ ቀድመዋቸው ገቡ።

መጀመሪያው ሰላም ነበር። ኒኮላሳ በሁለተኛው ቫዮሊን የታችኛውን ድምፅ ይዛ እየተከተለች፣ ዓይኗ ከዚያች ጭራ አልነቀል አላት። ጅማቱ ይዘልቅ ይሆን? ይዝለቅ፣ አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ተቃራኒውን ተመኘች፤ ያንን ለራሷም ጮክ ብላ አልተናገረችውም።

ዴልሚራ ብቻዋን የምትጫወተው ቦታ ደረሰ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ሰዉ ማራገቡን ተወ። ከዚያ «ጧ!» አለ።

ዴልሚራ ዞር እንኳ አላለችም። እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋች፤ መዳፏ ክፍት ነው፣ ጣቶቿ ይጠብቃሉ። ቫዮሊኑ እንደሚመጣ አልተጠራጠረችም።

ኒኮላሳ እጁን አየችው። አይታም ዓይኗን ጨፈነችና ደጋኗን አሳረፈች። ዜማውን ከተቆረጠበት አንስታ ወደ ላይ ይዛው ወጣች። ኦርጋኑ ለአንድ አፍታ ተንገዳገደና ተከተላት። በሕይወቷ እንዲያ ተጫውታ አታውቅም። እንደዚያ ማማሩ ነው በኋላ የከፋባት።

ሲያበቃ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ኒኮላሳ እጅ ስትነሳ ከጎኗ ዴልሚራ ከሁሉም በላይ ታጨበጭብ ነበር።

ወደ ኋለኛው ክፍል ሲመለሱ ዶን ካሊስቶ ላባቸውን እየጠረጉ ተከተሏቸው። «ኒኮላሳ፣ ሃንኬ ትፈልግሻለች። ግቢው ውስጥ ብቻሽን ስትጫወቺ ልትሰማሽ ነው። 'ጅማት ሲበጠስ አብራ የማትበጠስ ሰው ነው የምፈልገው' አለች።» ወደ ዴልሚራ ዞሩ። ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ።

«እንደምትችዪ አላልኩሽም?» አለች ዴልሚራ ኒኮላሳን እያቀፈች። «አዳንሽን እኮ! እጄን ስዘረጋ አለማየትሽም በጀ። እንደዚያ ደንግጬ ሳለ ብትሰጪኝ አበላሸው ነበር።»

«ዴልሚራ...»

«ምን ሆንሽ? ደስ አይልሽም?»

«ጅማቱን...» አለች ኒኮላሳ። «ሳንገባ አይቼው ነበር። እንደተላጠ አይቻለሁ።»

ዴልሚራ የተበጠሰውን ጅማት ከመቃኛው እየፈታች ነበር። ቀና አላለችም።

«እኔም አይቼዋለሁ» አለች። «ልቀይረው ብዬ ነበር። ከዚያ አንቺም ስታዪው አየሁሽ፤ ምንም ሳትዪ ቀረሽ። ኒኮላሳ ዝም ካለች ይዘልቃል ማለት ነው አልኩና ተውኩት። የጅማት ነገር መቼም ካንቺ ዓይን አያመልጥም።» ትከሻዋን ሰበቀች። «ሁለታችንም ተሳሳትን፤ በቃ።»

ስለ ዝናብ እንደምታወራ ነበር ያለችው። ኒኮላሳ ፊቷን መረመረች፤ ከዚያ ፊት ላይ ቂም ብታገኝ ይቀላት ነበር። አላገኘችም። «ተሳስቼ አይደለም» ልትል ፈለገች።

ከውጭ የዶን ካሊስቶ ድምፅ ተጣራ።

«ነይ እስቲ ወዲህ» አለች ዴልሚራ። «አንገትጌሽ ተከፍቶ ነው ፈረንጅ ፊት የምትቀርቢው? ቀና በዪ።»

ኒኮላሳ እንደ ሕፃን አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። የዴልሚራ ጣቶች ከጉሮሮዋ ሥር ቁልፉን ይፈልጋሉ። በዴልሚራ ጉንጭ ላይ፣ ጅማቱ ሲበጠስ የገረፋት ቦታ፣ ቀጭን ቀይ መስመር እያበጠ ነበር።