የላላው ክር

አዝማሪው ድንኳኑ ውስጥ ገና እግሩን ሲያስገባ የሙሽራው ፊት ከሰል መሰለ።

«ይሄን ደግሞ ማን ጠራው?»

«እኔ ነኛ! ያለ ማሲንቆ ምን ሰርግ አለ?» አሉ የሙሽሪት አጎት።

ሙሽሪት ሲቆጣ አይታው አታውቅም። ወላጆቹ መምህራን እንደነበሩ፣ ሁለቱም እንደሞቱ፣ ሌላ ዘመድም እንደሌለው ለአባቷ ነግሯቸዋል። ሐዘኑ ተቀስቅሶበት ይሆናል ብላ እጁን ያዘችው። እጁን መንጭቆ ተነሳ።

«ተቀበል!» ብሎ አዝማሪው ላይ ግጥም ወረወረበት፤

«የአዝማሪ ልጅ ክብሩ ስንት ነው ቢሉኝ፣
እናቱን በአንድ ብርሌ ይሸጣል አልኩኝ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቁት አባቷ ናቸው። አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም እምቢ አይልምና ሰውዬው የገዛ እናቱን ስድብ ቃል በቃል ዘፈነው። ከዚያ የማሲንቆውን መቃኛ ጥቂት አላላና ቀጠለ። ክሩና ድምፁ ተጣሉ። እንግዳው ሁሉ ልብ ሳይል እስክስታውን ያስነካዋል። ሙሽራው ግን ጥርሱን ያፋጭ ጀመር።

«አቁም አንተ!» ብሎ ዘለለና ማሲንቆውን ከእጁ ነጠቀው። ሊሰብረው ነው ብላ ሙሽሪት ጮኸች።

እሱ ግን መቃኛውን በስሱ ጠመዘዘ፤ ደጋኑን ሁለቴ ሳብ፣ ሳብ አደረገና ክሩ ሲስተካከል ዓይኑን ጨፈነ።

የአባቷ ሳቅ አፋቸው ላይ ደረቀ።

አዝማሪው ማሲንቆውን ቀስ ብሎ ከእጁ ወሰደ።

«እናታችን ደጅ ቆማለች» አለው። «ትግባ?»