የጠፋው ሃርድ ዲስክ

ኢንተርኔቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተቋረጠ።

አቤል መጀመሪያ ላይ ልብ አላለውም። ሮም፣ ቶርፒኛታራ ሰፈር፣ ከወንድሙ ቤት ሥር ባለው ምድር ቤት ተቀምጦ ለቅዳሜው ዝግጅት ድምፅ እያስተካከለ ነበር። እዚያ የስልክ ኔትወርክ አይገባም። ኢንተርኔቱም የሚመጣው ከላይ፣ ከወንድሙ ሚስት ከለምለም ቤት ነው።

«ካንቲና ዘጠኝ» የተባለውን ሙዚቃ የሚያሳትም ትንሽ ሌበል አቤልና ታላቅ ወንድሙ አስመሮም የመሠረቱት እዚሁ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የሚያወጡት ግራይም ነው፤ ከለንደን የመጣ፣ ፈጣንና ባሱ ደረት የሚመታ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦስቲያ የባሕር ዳርቻ ላይ፣ ስማቸው ገና ያልተሰማ ሰባት አቀናባሪዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ያቀርባሉ። ከዚህ በፊት ሁለት ዝግጅት ከሽፎባቸዋል። ሦስተኛውም ከከሸፈ ሌበሉ ይዘጋል፤ ወንድማማቾቹ በዚህ ተስማምተው ጨርሰዋል።

አስመሮም ረቡዕ ለንደን ሄዷል። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ ተጫውቶ ቅዳሜ ጠዋት ይመለሳል። ዝግጅቱ የሚዘጋው በእሱ አዲስ ሥራ ነው፤ በገዛ ድምፁ በሚያንጎራጉርበት፣ ከአቤል በቀር ማንም ባልሰማው።

አቤል ወደ ላይ ወጣ። «ሞደሙ ምን ሆነ?»

ለምለም በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። «ተበላሽቷል። ሰኞ ቴክኒኮ መጥቶ ይሠራዋል።»

«ሰኞማ ምን ያደርግልኛል? አስመሮምንም ላገኘው አልቻልኩም። ስልኩ ዝግ ነው።»

«በልተሃል?» አለችው።

ከጀርባዋ የሰዎች ድምፅ ይሰማ ነበር። አቤል አንገቱን ሲያሰግግ ጸጥ አሉ።

መውረድ ሲጀምር ጠራችው። «ስልክህን አውሰኝ። የኔ ወድቆ ተሰብሯል። ማታ እመልስልሃለሁ።»

አልመለሰችለትም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ፍናን መጣች። ከሰባቱ አቀናባሪዎች አንዷ ናት። ሌላ ቀን ገና ከበሩ ጀምራ ነው ሥራውን የምታጣጥልበት። ዛሬ ደረጃው ሥር ቆማ ቀረች።

«አሎራ፣ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ባሱ እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል አትይም?»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው? አሞሻል ማለት ነው።»

«አለርጂያ ነው፤» አለች የቀላ ዓይኗን እየጠረገች።

«ስልክሽን ስጪኝ፣ አስመሮም ጋ ልደውል።»

«ባትሪው አልቋል።»

ስልኩ ኪሷ ውስጥ ሲያበራ አቤል በስሱ ጨርቅ በኩል አየው። ፍናን ልትወጣ ስትል አቀፈችው፤ አቅፋውም ብዙ ቆየች። ይቅርታ የምትጠይቀው ይመስል ነበር።

ያኔ ነው ጥርጣሬ የገባው። ባለፈው ወር አንድ የሚላኖ ኩባንያ የአስመሮምን ሥራዎች ለመውሰድ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። አስመሮም እምቢ አለ። «እስኪ የሚሉትን እንስማ» ያለችው ለምለም ናት።

አቤል መንገዱ ጥግ ካለው ባር ሄዶ፣ ከባለቤቱ ስልክ ለምኖ ኦስቲያ ደወለ። ዝግጅቱን የሚያስተናግደው ሰው ግራ ገባው።

«ተሰርዟል እኮ። የወንድምህ ሚስት ትናንት ደውላ ሰረዘችው። አልነገረችህም?»

«ለምን አለች?»

«ምክንያቱን አልጠየቅኳትም። ድምፅዋ የምትጠየቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።»

አስመሮም ስልክ ላይም ደወለ። ዝግ ነው።

ወደ ምድር ቤቱ ሲመለስ የአስመሮም ሃርድ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ የለም። ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል። የዚያ በር ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ለንደን ነው።

የለምለምን በር ደበደበ። የሚከፍት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ከቀሩት መሣሪያዎች አልራቀም፤ እዚያው ሶፋ ላይ አደረ። አቤልን በአራት ዓመቱ ከካርቱም እጁን ይዞ ሮም ያመጣው አስመሮም ነው፤ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገውም እሱ ነው። አሁን እሱን ፊት ለፊት አስቀምጦ «ሚስትህ ሸጠችህ» ለማለት ከየት መጀመር እንዳለበት አላወቀም። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ለሰው ይነገራል?

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለምለም በሳህን ፓስታ ይዛ ወረደች። ሰኔ ነው፤ እሷ ግን ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች።

«ብላ፤» አለችው።

«በዚህ ሰዓት ፓስታ? መርዝ ጨመርሽበት?»

«ትንሽ ብላልኝ፣ አቤልዬ።»

አቤልዬ ብላው አታውቅም። ሳህኑን ዘርግታ ቆመች እንጂ አልሄደችም። ሁለት ሹካ ጎረሰና ገፋው።

«ዲስኩን የወሰድሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ዝግጅቱንም ያሰረዝሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ።»

«ለሚላኖዎቹ ነው?»

«ድምፁ አለበት። ና፣ ላይ እንውጣ። እዚያ እንነጋገራለን።»

ደረጃው ላይ እጁን ያዘችው። ሊያስለቅቅ ቢሞክር አጠበቀችበት። ግቢው ውስጥ ቦሎኛ የሚኖሩት የአጎቱ የተኽለብርሃን መኪና ቆሟል። ፍናን በሩ ላይ ነበረች፤ ሳታየው መንገድ ለቀቀች።

የሳሎኑ ወንበሮች ሁሉ ግድግዳውን ተጠግተው ተደርድረዋል። አጎቱና አምስት ስድስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠዋል። አቤል ነገሩ ገባው፤ ሽማግሌ ሰብስባ አፉን ልታስይዘው ነው።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት ያውቃሉ። ግን ለዚህ ነገር ሽማግሌ አልቀበልም። አስመሮም ዛሬ ይመጣል። እሱ ራሱ ይፍረድ።»

ሁለት ወንዶች ከመቀመጫቸው ተነሥተው በግራና በቀኙ ቆሙ። አንደኛው ክንዱን ያዘው።

«ምንድን ነው ይሄ? ልትደበድቡኝ ነው?»

ተኽለብርሃን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ወንድምህ ሐሙስ ዕለት ዐርፏል፤» አሉት፤ ለምለምም ሁለት ቀን ሙሉ አፍና የያዘችውን ልቅሶ ለቀቀችው።