በእጅ ጀርባ

እሳቱ መስመሩ ጋ ደርሶ ከሞተ አንድ ሰዓት አልፎታል።

ሠልጣኞቹ ሃያ ናቸው። ፊታቸው ጥላሸት፣ እጃቸው ውኃ የቋጠረ። ከኋላቸው የተቃጠለው የሩዝ አገዳ ጠቁሯል፤ ከፊታቸው የአያ መንግሥቴ የገለባ ክምር እንደቆመ ነው። በመሀል እነሱ በዶማ የፋቁት፣ ሁለት ክንድ የሚሰፋ ባዶ መሬት አለ። እሳት አይዘልም የተባለለት መስመር ያ ነው።

አያ መንግሥቴ ግን አላመኑም። ገና ክብሪት ሲጫር ጥጃቸውን ከክምሩ ሥር ፈትተው ወሰዱና ማሳው ዳር ካለው ሾላ ጥላ ሥር ይዘው ቆሙ። ክምሩ እስከ ክረምት የከብቶቻቸው ቀለብ ነው። ማሳውን ለልምምድ የሰጡት ከሠልጣኞቹ አንዷ ባየች ሦስት ቀን ደጅ ጠንታ፣ "በእኔ ይሁንብዎ፤ ከመስመሩ አያልፍም" ስላለቻቸው ነው።

አሠልጣኙ ፈድሉ ፊሽካ ነፋ። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው።

"ተሰለፉ፤ ስም ልጠራ ነው።"

ሁሉም ያውቀዋል። ከሃያው አሥራ ሁለቱ የጣራ ገዳምን ጫካ ሊጠብቁ ይቀጠራሉ፤ ስምንቱ ወደየቤታቸው። መስመሩ ያልያዘለት ወጣ። የባየች መስመር እንደ አውድማ ጠርቷል። ፈድሉ ራሱ ቅድም ሲያልፍ "እንዲህ ነው እንጂ" ብሏታል። ሴት እሷ ብቻ ናት።

ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አንድ እርምጃ ተራመደች። የኮንጎ ጫማዋ ሶል ሞቃት።

ቆመች። መስመሩ ላይ የተቃጠለ ነገር የለም። ምን ያሞቀዋል?

አጎነበሰችና ፈድሉ እንዳስተማራቸው እጇን ገልብጣ በጀርባው መሬቱን ዳሰሰች። እዚህ ምንም። እዚህም ምንም። እዚህ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች።

ያኔ ገባት። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል። የቀበሌዋ የቁሐር ሚካኤል ሰው ደግሞ ስንጥቅ አይቶ አያልፍም፤ ጥጃ እግሩን እንዳይሰብርበት ገለባም ኩበትም ያገኘውን ይወትፍበታል። እሷም ጧት መስመሩን ስትጠርግ ገለባውንም ኩበቱንም በእግሯ ወደ ስንጥቁ ከታ፣ አፈር መልሳ፣ ረግጣው ነበር። ማንም አላዘዛት። እጅና እግሯ የለመዱትን ሠሩ። ከላይ አውድማ፣ ከሥር የተዳፈነ እሳት። ኩበት ደግሞ አይቸኩልም፤ ሳይጨስ ሳይነድ ቀስ እያለ ያዘግማል። ነገ ጧት ክምሩ ጋ ነው።

ብትናገር በገዛ አፏ መስመሬ አልያዘም ማለቷ ነው። ዝም ብትል ስሟ ይጠራል።

"ባየች፣ ምን ጠፋብሽ? መርፌ ነው?" የኔነህ ነው፤ ከጎኗ ያለውን መስመር የሠራው የቁሐር ልጅ። የሚሊኒየም ቲሸርቱን ፍንጣሪ በስቶታል። ሰልፉ ሳቀ።

"ዝም በል አንተ። ያንተንም ሂድና ዳስሰው።"

ፈድሉ መጣ። "ሰልፍ ብያለሁ።"

"ሰምቻለሁ ጋሼ።"

"ታዲያ?"

"መስመሬ አልያዘም።"

ፈድሉ መሬቱን አየ፤ ክምሩን አየ። "ምኑ ነው ያልያዘው?"

"በእጅዎ ጀርባ ይዩት።"

ተንበርክኮ ነካው። እጁን አራገበ። ባየች ዶማዋን አሳረፈችበት፤ የአፈሩ ቅርፊት ተገለበጠና ከሥሩ ፍሙ ቀላ። ስንጥቁን ይዞ የመስመሩን አጋማሽ አልፏል።

"ኩበት ነው" አለች። "እኔው ነኝ ጧት የወተፍሁት።"

"ለምን?"

"ለጥጃ።"

ፈድሉ አልገባውም። አያ መንግሥቴ ጥጃቸውን እየሳቡ ጠጋ ብለው ነበርና፣ "ስንጥቅ ክፍቱን ጥላ የምትሄድ ሴትማ ቁሐር አልተወለደችም" አሉት።

ፈድሉ ወረቀቱን ገለጠ። "እንደ ደንቡ ከሆነ ወድቀሻል። ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ። መጀመሪያ ይሄን እናጥፋው።"

ፈድሉ ወደ ሰልፉ ዞረ። "ሌላ የወተፈ አለ?"

የኔነህ ጫማውን አየ። ክምሩን አየ። ከዚያ እጁን አነሣ። ቀጥሎ አበረ አነሣ። ቀጥሎ ከኋላ ያሉት። በመጨረሻ እጃቸው ያልተነሣው አራቱ የወረታ ከተማ ልጆች ብቻ ነበሩ።

"ወረቀቴ ላይ ስንጥቅ የሚባል ነገር የለም" አለ ፈድሉ። አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ይሄ እስኪጠፋ ማንም አላለፈም፣ ማንም አልወደቀም። ባየች፣ አሳዪአቸው።"

ባየች ከፊት ሆነች።

"በመዳፍ አይደለም" አለቻቸው። "መዳፋችሁ ዶማ ለምዷል፤ አይነግራችሁም። ገልብጡት።"

አሥራ ዘጠኝ ሰው በጉልበቱ ተከተላት። ፈድሉም ጀሪካን ይዞ ከኋላ። ሞቀ ያሉበት ላይ ትቆማለች፣ በዶማ ትገምሰዋለች፣ ውኃ ታስፈስሳለች፣ መልሳ ትዳስሰዋለች። ካላመነችው አትነሣም። ፀሐይዋ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞቅ መሬት አልቀረም።

"እና፣ መርፌው ተገኘ?" አለ የኔነህ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

"ተገኘ። ሦስቱ ያንተ ናቸው።"

ባየች ወገቧን ይዛ ቀና አለች። የእጇ ጀርባ ተልጧል። ወደ ሾላው ዞረች፤ ከጥላው ሥር ሰው የለም።

በዓይኗ ፈለገቻቸው። አያ መንግሥቴ ክምሩ ሥር ቁጢጥ ብለው ጥጃቸውን መልሰው እያሰሩ ነው።