ሦስተኛው ፓራኦሊዮ

የመንደሩን ውኃ የሚስበው ትልቅ ሞተር ዘይት መትፋት የጀመረው በጥምቀት ማግስት ነው።

ሞተረኛው ካሤ ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ጉድጓድ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ንጽሕና ይወዳል፤ ያውም ሲበዛ። ለበዓሉ የሞተር ቤቱን ግድግዳ ኖራ ቀባ፤ የሚስቱን የዓይናዲስን ባለ ቢጫ አበባ አሮጌ ቀሚስ ቀዳዶ በእሱ ሞተሩን ሲወለውል ሰነበተ። ድሮ በሳምንቱ ጥላሸት የሚለብሰው ግድግዳ ከዚያ ወዲህ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሰው እንዳይነካበት በሩን ይቆልፋል።

በሚሽከረከረው የሞተሩ ዘንግ ዙሪያ ዘይቱን የሚያግደው ቀለበት፣ ፓራኦሊዮው፣ ከመቀመጫው ወጥቶ ተገኘ። ካሤ ከመለዋወጫ ነጋዴው ከሸምሱ ሱቅ ጥቁር የጎማ ቀለበት ገዝቶ ገጠመ። በሁለተኛው ቀን ወጣ። ከዚያው ሱቅ ሙቀት ይችላል የተባለውን ቀይ የሲሊኮን ቀለበት አመጣ። እሱም ወጣ። አልተቀደደም፣ አልተቃጠለም፤ እንዳለ ወለሉ ላይ ወድቆ ተገኘ።

«ፎርጅድ ነው!» አለ ካሤ ገበያ መሃል፣ ሸምሱ እየሰማ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል!»

ሸምሱ ሱቁን የወረሰው ከአባቱ ነው። በአባቱ ዘመን አንድም ሰው ዕቃ መልሶ አያውቅም ነበር። አሁን ደንበኛው በበሩ እያለፈ ሌላ ሱቅ ይገባል። ያሳዝናል፤ ግን ወሬን ማን ይመልሰዋል?

ቅዳሜ ጠዋት ሸምሱ ራሱ ሞተር ቤቱ ድረስ መጣ፤ ቡናማ ፓራኦሊዮ ይዟል። ከሱቁ የመጨረሻው፣ ምርጡ ነው። የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ምሳው በሩ ላይ ቆሟል። ውጭ ሴቶች ጄሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ።

«ጋሽ ካሤ፣ ራስዎ ይፈትኑት» አለ ሸምሱ።

ካሤ በጥፍሩ ተጫነው። አጠፈው። አንድ ሰዓት ሙሉ በጋለ የሞተር ዘይት ነክሮ አወጣው። አላበጠም፣ አልላላም።

«ደኅና ይመስላል» አለ፤ ቅር እያለው።

«ይኽም ከወጣ፣ ሸምሱ፣ እዚህ አገር ዕቃ አትሸጥም» አለ ምሳው።

«ከወጣ ሱቄን በእጄ እዘጋለሁ። ወላሂ!»

ተገጠመ። ሞተሩ ተነሣ። ውኃው ሲንፏፏ ሴቶቹ እልል አሉ። ሸምሱ ግን ዓይኑን ከዘንጉ አልነቀለም። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ አንድ ጠብታ ታየች፤ ከዚያ ዘይቱ ተንዠቀዠቀ። ካሤ ሞተሩን አጠፋ። ቡናማው ቀለበት ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«አላልኳችሁም?» አለ ካሤ። «ከዚህስ የበሬ ቆዳ ይሻለኝ ነበር!»

ሸምሱ ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን አነሣ። አገላብጦ አየው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ቀና ብሎ ሞተሩን አየ፤ ከዚያ ነጩን ግድግዳ።

«ጋሽ ካሤ፣ ይኽ ሞተር የሚተነፍሰው በየት ነው? ትንፋሹ ከታፈነ እኮ ቀለበቱን ገፍቶ ነው የሚወጣው።»

ከሞተሩ ወጥታ ወደ ግድግዳው በዞረችው ቀጭን ቱቦ አፍ ላይ የታሠረውን ሽቦ ፈታና፣ በዘይት የራሰ ባለ ቢጫ አበባ ጨርቅ መዝዞ አወጣ።