ከባሕር ዛፉ ሥር የቆመው ሰው

ዓለምሰገድ ሦስት ልብ ወለድ ጽፎ በደህና ሰንብቷል፤ ጣጣው የመጣው ለፊልም መጻፍ ሲጀምር ነው። ፊልሙን የሚያሠራው መንግሥት ነዋ! በዚያ በቀይ ሽብር ዘመን ለመንግሥት ብዕር ያነሳ ሁሉ በህቡዕ ለሚንቀሳቀሱት ታጣቂዎች ባንዳ ነው። ለሬዲዮ የሚጽፈው ጎረቤቱ ሱልጣን በራፉ ላይ በጥይት ከተመታ ገና ወር አልሞላውም። ገዳዩ ከደጁ ሲያደባ መሰንበቱን የቦሌ ሰው ያወቀው ከቀብር በኋላ ነው።

የዓለምሰገድ ፊልም የአንድ አንካሳ ፖስተኛ ታሪክ ነው። እሱም በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ግራ እግሩን ይጎትታልና ለፖስተኛው የራሱን እግር ሰጠው፤ ሌላ የሚያውቀው እግር ከየት ይምጣ! አዘጋጁ ዘርአጽዮን ጽሑፉን ወደደው። ተዋናይ መፈለጉን ለኔ ተወው፣ አንተ መጨረሻውን ብቻ አድርስልኝ ብሎት የቀረጻ ቦታ ሊመርጥ ሐረር ወረደ።

አንድ ሰው ከዓለምሰገድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር መቆም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ነው። አይጠጋም፣ ሰላም አይልም። ዓለምሰገድ ሲጋራ ሊገዛ ሲወጣ ራቅ ብሎ ይከተለዋል። አንድ ቀን ድንገት ዞር ቢል ሰውዬው ግራ እግሩን እየጎተተ ይመጣል! ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓለምሰገድ ሊገድለኝ መጥቶ ጭራሽ ያላግጥብኛል ብሎ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ፀሐይነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስታየው ለብቻው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ምስኪን እብድ ነው አለች። እብድ ጫማ አይወለውልም አላት።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ያን ዓመት ግን ልጡም ይናደፍ ነበር። ዓለምሰገድ እህል አልወርድ አለው፤ የፊልሙ መጨረሻም ጠፋበት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው ፀሐይነሽ።

«ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ።»

ቀበሌ ሄዶ ለሊቀ መንበሩ ለደቻሳ ነገረው። ከሰዓት በኋላ አብዮት ጥበቃዎች መጡ። ሰውዬው አልሮጠም፤ ወደ ዓለምሰገድ መስኮት እየጠቆመ ሊያስረዳ ሲሞክር አፉን በሰደፍ ብለው ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ፀሐይነሽ ከገበያ ስትመለስ በጎሮ መንገድ ዳር ከተጣሉት ሬሳዎች መካከል ያንን የተወለወለ ጫማ አይታ እያለቀሰች ገባች። ዓለምሰገድም አዘነ፣ እፎይም አለ። በዚያ ሳምንት የፊልሙን መጨረሻ ጻፈ፤ ፖስተኛው በሰላም ቤቱ ይገባል።

ዘርአጽዮን ከሐረር ተመልሶ ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ብርሃኑ ይችላታል» አለ።

«ብርሃኑ ማነው?»

«ተዋናዩ ነዋ! ካወቅህ አካሄድህን ትለውጥበታለህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ፤ እስካሁን ከደጅህ ቆሞ ሲያጠናህ አላየኸውም?»