ለሁለት ሰው የተሠራች መኪና

እህተማርያም በጀርባዋ ተንጋላ፣ ጭንቅላቷን መለኪያዎቹ ከተደረደሩበት ክሩስኮት ሥር ቀብራ፣ የሽቦ ልጣጭ በጥርሷ ትገፍፋለች። እግሯ ከመኪናዋ በር ውጭ ተንጠልጥሏል። ባሏ አበረ አጠገቧ ቆሞ ካቻቢቴውን እያገላበጠ፣ ሥራውን የያዘው እሱ ይመስል ለደንበኛው ያወራል።

"የእሽቅድድም መኪና ኩሩ ናት፣ ጌታዬ። በጉልበት አትሆንም። የሚስቴ እጅ ቀጭን ስለሆነ እኔ ያልኳትን ታጠብቅልኛለች።"

ወሬ ሲሆን ማን ብሎት። ሥራውንም ቢሆን ያውቅ ነበር፤ ዳንግላ ውስጥ ጣሊያን ትቶት በሄደው ጋራዥ የባትሪና የሽቦ ነገር እንደሱ የገባው አልነበረም። ምን ዋጋ አለው፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ሰው እንደ ጥላ ይታየዋል፤ ሽቦና መርፌማ አይታሰብም።

ይህን ከሁለቱ በቀር እንጅባራ ውስጥ የሚያውቅ የለም። እሷ ታያለች፣ እሷ ትሠራለች፣ ያየችውን በአዊኛ ትነግረዋለች። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ደንበኛ ባልና ሚስት የጓዳቸውን የሚያወሩ ይመስለዋል።

የዛሬውም እንደዚያ ነው። ዋጋዬ ይባላል፤ የጫግኒ ትልቅ እህል ነጋዴ ልጅ ነው። ይህችን አሮጌ ጣሊያን ሠራሽ ከአሥመራ ገዝቶ ሲመጣ መለኪያዎቿ ሞቱበት፣ መብራቷም ጠፋበት። ደግሞም አባቱ ለጭነት መኪኖቻቸው ቋሚ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ ከነመኖሪያ ቤቱ። "እጅህን አይቼ ለአባባ እነግራለሁ" ብሎታል አበረን፣ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ። ይህ ሥራ ካመለጠ ሌላ እንደማይመጣ እህተማርያም ታውቃለች፤ የሰፈሩ ሰው አበረ በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ እንደሚያደናቅፈው ማየት ጀምሯል።

ሽቦውን ቋጥራ በሚያጣብቀው ናስትሮ ጠቀለለችው። "ይክፈቱት" አለች።

ዋጋዬ ቁልፉን ሲያዞር ክሩስኮቱ ቦግ አለ። የፊት መብራቶቹም በሩ። መርፌዎቹ አንድ በአንድ ከተኙበት ተነሡ። "ሁሉም ሠርቷል" አለችው ባሏን በአዊኛ፣ ፊቷን ሳታዞር።

"እስከ ዘንገና ሐይቅ ደርሰን እንሞክራታ" አለ ዋጋዬ። "ና ግባ። የሙቀት መለኪያው በአንተ በኩል ነው፣ እያየህ ትነግረኛለህ።"

እህተማርያም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልትከተል ተነሣች። በጭነት መኪና ሲሆን መሃላቸው ተጣብቃ ትቀመጥና በጆሮው ትነግረው ነበር።

ዋጋዬ ሳቀባት። "ወዴት ነው እመቤት? ይህቺ ለሁለት ሰው ናት።"

አበረ በሩን በመዳፉ ዳብሶ ገባ። ምን ያድርግ፣ እንቢ ይበል? እሷ አቧራው እስኪወርድ ቆማ አየች፤ ከዚያ የሚሠራ ነገር አጥታ መፍቻዎቹን ትወለውል ጀመር።

ሲመለሱ ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ይወጣል። ዋጋዬ ቁልፉን ነቅሎ ወረደ፤ ሸሚዙ በጥቀርሻ ተለውሷል።

"ሞተሬን ሊያቃጥልብኝ ነበር" አለ። "ዳገቱ ላይ ሙቀቱ ስንት ደረሰ ብለው፣ መሃል ላይ ነው፣ ደህና ነው ይለኛል። አፍታ ሳይቆይ ውሃው ፈልቶ ገነፈለ። ከገበሬ አንድ እንስራ ውሃ ለምነን ነው የደረስነው።"

አበረ ከመኪናዋ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። "መለኪያው ነው የዋሸኝ፣ ጌታዬ" አለ። ከዚያ እጁን ሚስቱ ወዳለችበት ጥላ ዘረጋ። "እሷ ናት የነካካችው። ሴት ሽቦ ውስጥ እጇን ስትከት እንዲህ ነው።"

እህተማርያም አንጀቷ አረረ። መለኪያው አልዋሸም። ቁልፉን መልሰው ይክፈቱና ይዩት፣ መርፌው አሁንም ቀዩ ላይ ነው ብትል እሷ ነጻ ትወጣለች፤ ባሏ ግን እዚያው ያበቃለታል፣ የጫግኒው ሥራም ያበቃለታል። ዋጠችው።

"አዎ" አለች። "እኔ ነኝ የነካካሁት።"

"እንግዲያው ትውጣና አንተው ራስህ ሥራው" አለ ዋጋዬ። "እኔም እያየሁህ።"

"ሰማሽ አይደል? ወዲያ ሂጂ" አላት አበረ፣ ውሻ እንደሚያባርር ሰው።

አጥሩ ሥር ሄዳ ቆመች። አበረ ተንጋሎ ገባ። ጣቶቹ ቋጠሮዋን አገኙት፣ ናስትሮውን ፈቱት፣ ሽቦዎቹን ለያዩዋቸው። ከዚያ ቆሙ። በመዳሰስ ሁሉም ሽቦ አንድ ነው።

"ቀዩ ሽቦ የትኛው ነው?" አለ በአዊኛ፣ ለራሱ የሚያጉረመርም አስመስሎ።

በግራህ ያለው ማለት ነበረባት። ዋጋዬ አይሰማውም፤ ቃሏ ባሏን ያድነዋል። አፏን ከፈተች፤ ያ ሴት ብሎ የሰደባት ስድብ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

"ኧረ የትኛው ነው?" አለ ደግሞ፣ አሁን ድምፁ እየለመነ።

ዝም አለች። የገዛ ዝምታዋ አስፈራት፤ ግን ዝም አለች። አበረ ጥቂት ጠብቆ አንዱን ያዘ፤ እሷ የማይረባ ብላ ከቆረጠችው፣ የትም ከማይደርሰው ሽቦ ጋር አጥብቆ ቋጠረው። ላቡን እየጠረገ ወጣ።

"ይክፈቱት፣ ጌታዬ።"

ዋጋዬ ቁልፉን አዞረ። አንድም መብራት አልበራ። መርፌዎቹ ሁሉ እንደተኙ ቀሩ።

"እንዴት ነው?" አለ አበረ ወደ ጨለመው ክሩስኮት እያየ። "አሁን በደንብ ተነሡ አይደለም?"

ዋጋዬ መለኪያዎቹን አየ። ቀና ብሎ የአበረን ዓይን አየ፤ ብዙ ቆየበት። ከዚያ አጥሩ ሥር ወደቆመችው ሴት ዞረ፣ እሷም አቀረቀረች።

"አዎ" አለ ዋጋዬ ቀስ ብሎ። "ሁሉም በርቷል።"

አበረ ደረቱን ነፍቶ ሳቀ። "አላልኩዎትም?" አለ። "ሴት ካልገባችበት ቀላል ነገር ነው።"